ቦርከናን ለሚጠጣው ሰው ማን ነገረው?

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የቦርከና ወንዝ መቆሸሹን ሁላችንም እናውቃለን። የደሴን ቆሻሻ ተሸክሞ ይወርዳል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል። ቡና ላይ ተቀምጠን ስናወራው የማያውቅ የለም። ውሃውን የሚቀዳው ሰው ፊት ስንደርስ ግን አፋችን ይታሰራል።

ስንናገርም አናውቅበትም። «የከባድ ብረቶች ብክለት በማኅበረሰቡ ጤና ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ ያሳድራል» ብለን ባነር እንሰቅላለን። ከወንዙ በጀሪካን የምትቀዳ እናት ይህን ሰምታ ምን ታድርግ? «እኔ እኮ አፍልቼ ነው የማጠጣቸው» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጣውን ተዋሲያን ይገድላል። ክሮሚየምና እርሳስ የሚባሉትን ከባድ ብረቶች ግን አያጠፋም። ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ብረቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ብትጨምርበትም ያው ነው። በዚያ ውሃ የለማ ቆስጣም ቢሆን፣ ማጠብ የላዩን እንጂ በሥሩ የገባውን አያወጣም።

በተለይ እርሳስ ክፉ ነው። በትንሹም ቢሆን የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ልጁ አያተኩሰው፣ አያስመልሰው። ትምህርቱ አልገባ ሲለው «ሰነፍ» ይባላል፣ ይገረፋል። ማንም ውሃውን አይጠረጥርም።

ደግሞ «መርዝ ነው!» ብላችሁ አስደንግጣችሁ አትሂዱ። ይህን የሰማች እናት «እንግዲያው ማፍላቱ ምን ይረባል» ብላ ብትተው የባሰ ነው። ማፍላቷን ትቀጥል። ቦኖ ወይም የጎለበተ ምንጭ ካለ፣ የሚጠጣውና ወጥ የሚሠራበት ከዚያ ይቀዳ። ለሁሉም የሚበቃ ካልሆነ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ይቅደም። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የቅሬ፣ ማለትም የእድራችን ዳኞች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ባነር አይጠየቅም፣ ቅሬ ላይ ግን ሰው እጁን አውጥቶ ይጠይቃል። ከጁምዓ በኋላም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም እንዲሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጋብዙና አጠገባችሁ ትቁም።

ወንዙ እኛ ጋ እንደማይቆምም አትርሱ። ወደ ከሚሴ ይወርዳል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪ ናቸው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ለፍየል ዋጋ ሲሆን በሦስቱም ቋንቋ እንግባባለን። ለጤና ሲሆን በአማርኛ ብቻ ለጥፈን እንመለሳለን። ነውር ነው!

መምህራን፣ እናንተንም አልምራችሁም። ሚኒ ሚዲያው «አካባቢያችንን እንጠብቅ» የሚል ግጥም ያነባል፣ ልጁ ያጨበጭባል፣ ቤቱ ይገባል። ቤቱ የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ ውሃ ተሞልቶበታል። ስለዚህ የጀሪካኑን ምልክት አስተምሩት። የራስ ቅል ሥዕሉን፣ ከታች ያለውን የቀለም መስመር። ቀይ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊና አረንጓዴ። አረንጓዴም ቢሆን የውሃ ዕቃ አይሆንም። ዕቃውን ራሱን ክፍል አታምጡ፣ ሰሌዳ ላይ ሣሉት። ማንበብ ያልጀመረውም ይገባዋል። ልጁ አባቱን እንዲያርም ግን አትላኩት። በእኛ አገር ትንሽ ልጅ አባቱን ሲያርም ጥፊ ይቀምሳል። ወላጅ ጥሩና ራሳችሁ ንገሩ።

ይህ ሁሉ ሸክም እናቲቱ ላይ ብቻ አይደለም የሚጣለው። ፍሳሹን የሚለቀው ሳያጣራ መልቀቅ የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። ቅሬዎች ተሰብሰቡና የውሃው ምርመራ ውጤት ይነገረን በሉ። በቁጥር ብቻ አትቀበሉ። «ይህ ውሃ ለልጅ ይጠጣል? ለከብትስ? ለቆስጣስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በሦስቱም ቋንቋ አስጽፉና ውሃ መቅጃው ላይ አስለጥፉት።