የፈረስ ስም

የምኖርበት ግቢ ጅማ ውስጥ ከሂርማታ ገበያ ብዙም አይርቅም። አከራዬ አዴ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ የጓሮ ጎረቤታችን ዳውርኛ፣ በሩ ላይ ሱቅ የከፈተው ሰው ጉራግኛ፣ እኔ አማርኛ። ከሰዓት በኋላ ረከቦቱ ሲቀርብ አራቱም ቋንቋ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። አንዱ የጀመረውን ሌላው በራሱ ቋንቋ ይጨርሰዋል፤ ያልገባው ከሁሉ በላይ ይስቃል። «ቡና» እንደሆነች በአማርኛም በኦሮምኛም ያቺው ቡና ናትና ዋናው ጉዳይ አስተርጓሚ አይፈልግም።

እዚህ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነው እንግዲህ ሦስት የኮምፒውተር ቋንቋ ብቻ ያለበትን ፕሮግራም ማስማማት ያቃተኝ።

አንድ የውኃ መሐንዲስ ወዳጄ የዝናብ ስሌቱን በፎርትራን ጽፎ ሰጠኝ። ፎርትራን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ከአይ ቢ ኤም የወጣ አንጋፋ ነው፤ ለስሌት ጉልበቱ ዛሬም አልደከመም፤ ለማንም ብሎ ግን አመሉን አይለውጥም። መካከሉን እኔ በሲ ፕላስ ፕላስ ሞላሁት። ከላይ ለዓይን እንዲያምር በ1991 የተወለደውን ፓይተንን ደረብኩበት። አያት፣ አባትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ እንዲገነባ ባዘዝኩት ጊዜ ኮምፒውተሩ አርባ ስድስት ስሕተት ዘረገፈልኝ።

በአገራችን የታመመ ሰውና የተበላሸ ዕቃ ሐኪም አጥቶ አያውቅም። ባለ ሱቁ «አጥፍተህ አብራው» አለ። መብራት ኃይል ይህንን ሕክምና በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ በነጻ ሰጥቶኝ ነበር፤ ለውጥ የለም። የጓሮ ጎረቤታችን ቫይረስ መሆን አለበት አሉ። እኔ ደግሞ እንደ ባለሙያ ከሁሉም የባሰ ነገር አደረግኩ፤ የመጨረሻውን ስሕተት አንብቤ እሱን ማሳደድ ጀመርኩ።

አዴ የሰፈሩን ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ሲኒውን እያቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው?» አሉኝ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄጄ የመጀመሪያውን መስመር አየሁት። አንድ ነጠላ ሰረዝ፣ ያቺ ከበላይዋ ነጥብ ያለባት፣ ክፍሉ በሚያልቅበት ቦታ ተረስታለች። እሷን ስጨምር አርባ ሦስቱ ስሕተት እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ አንድ በአንድ ተነሥቶ ሄደ።

ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ግን የስም ጠብ ነበሩ። ሲ ፕላስ ፕላስ አንድን ተግባር፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ቁራጭ፣ «ደምር» ብላችሁ ብትሰይሙት በዚያ ስም አይመዘግበውም። ከፊቱ ምልክት ይለጥፍበታል፤ የስሙን ርዝመት በቁጥር ያስገባል፤ ከኋላው የሚቀበላቸውን ነገሮች ዓይነት ይቀጥልበታል። የፎርትራን ኮምፓይለሬ፣ ማለትም የጻፍነውን ለማሽኑ የሚተረጉመው፣ በበኩሉ ስሙን ሁሉ በትንንሽ ፊደል ጽፎ በመጨረሻው የግርጌ ሰረዝ ያክላል። ሁለቱን የሚያገናኘው ሊንከር ታዲያ በየበሩ እየዞረ «እገሌ የሚባል አለ?» ይላል፤ «የለም» ይሉታል። ሰውየው ግን እዚያው ተቀምጧል።

ይህ ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው የሚጎበኘው ንጉሥ የሚታወቁበት «አባ ጅፋር» የፈረስ ስማቸው ነው። በዚያ ዘመን ሄዶ እናታቸው ባወጡላቸው ስም የጠየቀ መንገደኛ ምን መልስ ይጠብቀው እንደነበር መገመት ነው። መድኃኒቱም ለሁለቱ ወገን «ይህን ተግባር በፈረስ ስሙ ሳይሆን በተራ ስሙ፣ እንደ ሲ ቋንቋ ወግ ጥሩት» ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ይህን ይቀበላል፤ ፎርትራንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2003ቱ የቋንቋው ደንብ ወዲህ እሺ ብሏል።

አንድ ስሕተት ቀረ። እሱ ላይ ሁለት ሌሊት አለቀብኝ፤ ምክንያቱም ሊንከር ገበያ እንደ ተላከ ሰነፍ ልጅ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ገበያውን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል። በበርበሬው ተራ ሲያልፍ ማንም በርበሬ አላዘዘውም፤ ስለዚህ አይገዛም። ሥጋ ቤት ሲደርስ በርበሬ እንደሚያስፈልግ ይነገረዋል። ይመለሳል? በፍጹም። ባዶ እጁን ቤት ገብቶ «በርበሬ ጠፍቷል» ይላል። በርበሬውን፣ ማለትም የፎርትራኑን ቤተ መጻሕፍት (የተዘጋጁ ተግባራት ክምችት)፣ ከሚፈልገው ክፍል በኋላ አሰለፍኩት። ተገነባ!

ደስታዬን ግቢው ሁሉ ተካፈለ። ቡና እንደገና ተፈላ፤ ባለ ሱቁ «አጥፍተህ አብራው ብዬህ አልነበር?» እያለ ምስጋናውን ሰበሰበ። ሐምሌ ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መደማመጥ አልተቻለም።

«በል፣ ይህ ነገር ምን ይላል?» አሉ አዴ።

ፎርትራን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ከዜሮ። ሠንጠረዡንም አንዱ በዓምድ ይደረድረዋል፤ ሌላው በረድፍ ያነበዋል። ይህንን ግን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። በዚያች ሰዓት ስክሪኑን አነበብኩላቸው፤ ጅማ ጥር ላይ በጎርፍ ትጥለቀለቃለች፣ በሐምሌ ጠብታ አይወርድም።

አዴ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲያስ አይርስህም፤ ውጣና ልብሱን ከገመዱ ላይ አውርድልኝ» አሉ።