ጋሪውን ሳያውቁ ፍቅሩን መጻፍ አይቻልም

ሰሞኑን አንድ አርታኢ በመጻሕፍት ውይይት ላይ የተናገሩት የሚያናድድ ነው። ከዛሬ ተነሥታ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በበሬ ጋሪ አሜሪካን አቋርጠው በሰሜን ምዕራቧ ወዳለችው ኦሪገን ወደሄዱት ሰፋሪዎች ዘመን ስለምትሻገር ሴት የሚጻፍ የፍቅር ልብ ወለድ ስለ ጋሪና ስለ ሕግ መጨነቅ የለበትም አሉ። ፍቅር በየትኛውም ዘመን ያው ስለሆነ የቀረው ጌጥ ነው ባይ ናቸው።

ያው አይደለም። ሁሉም የሚወዳትን ትዕይንት እንያት፦ ፍቅረኞቹ ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፀሐይ ስትጠልቅ። ጉዞው ከሚጀመርባት ከሚዙሪዋ ኢንዲፔንደንስ ከተማ እስከ ኦሪገኑ ዊላሜት ሸለቆ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ሰው የተጓዘው በእግሩ ነው። ጋሪው ሞላ የለውም፣ ጭነቱም አንድ ቶን ይደርሳል፤ ለአንድ አዋቂ ብቻ 90 ኪሎ ዱቄት ይመከር ነበር። እዚያ ላይ ሰው መጫን በሬ መግደል ነው። በሬ ደግሞ በልጓም አይነዳም፤ ነጂው ከግራ በኩል እየተራመደ በድምፅና በጅራፍ ይመራዋል። ፍቅረኛዋ ያለው እዚያ ነው፣ አቧራው ውስጥ።

ጨረቃ የምትወጣበት ትዕይንት ከተፈለገ መንኮራኩሩ አለ። ደረቁ አየር እንጨቱን ሲያኮማትረው ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበት ይላላል፤ ከወለቀ መንኮራኩሩ ይበታተናል። ስለዚህ ማታ ነቅለው እንጨቱ እንዲያብጥ ወንዝ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ወንዝ ከሌለ በብረቱና በእንጨቱ መሐል ሽብልቅ ይመታሉ። ሁለት ሰዎች በውድቅት ሌሊት ውኃ ዳር የሚገናኙበት ከዚህ የተሻለ ምክንያት ማን ያመጣል?

የሚያንገበግበው ግን የሕጉ ነገር ነው። በ1850 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የአሜሪካ ኮንግረስ ሕግ፣ መሬቱ ከነባር ሕዝቦች በውል ሳይገዛ፣ ከዲሴምበር 1 ቀን 1850 በፊት ኦሪገን ለሰፈረ ነጭ ላጤ ወንድ 320 ኤከር ሰጠ። እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 1851 ካገባ ደግሞ ሌላ 320 ኤከር ይጨመራል፣ ያውም በሚስቲቱ ስም። 320 ኤከር 130 ሄክታር ገደማ ነው፤ በእኛ ልኬት ከሦስት ጋሻ በላይ። ለዚህ ሲባል ገና ያልደረሱ ልጃገረዶች ሳይቀር ተዳሩ። እንግዲህ በ1851 መጸው «አግቢኝ» የሚላት ቀድሞ የሰፈረ ወንድ የሚፈልገው እሷን ነው ወይስ ሦስት ጋሻዋን? ከዛሬ የሄደችው ሴት ሕጉን ታውቃለች፤ እሱ ማወቋን አያውቅም። አብሯት በጋሪ የመጣው ሰው ደግሞ ዘግይቶ ስለደረሰ ድርሻው ግማሽ ነው፦ ለእሱ 160፣ ለሚስቱ 160። ስለዚህ ከሁለቱ ጠያቂዎች በእሷ ብዙ የሚያተርፈው ቀድሞ የሰፈረው ነው። የልብ ወለዱ ሞተር ይሄ ነው! ቀኑን በአንድ ዓመት ብታዘገዩት ጥርጣሬው ይጠፋል፣ ታሪኩም አብሮ ይሞታል። ይህን ነው ጌጥ ያሉት።

አንባቢ የጋሪ ጥገና መማሪያ አልፈለገም፣ ልክ ነው። የማይታመን ፍቅርም አልፈለገም።

በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ ባለታሪኳ ሐበሻ መሆኗ አይቀርም። ያኔ «ፍቅር ያው ነው» የሚለው ጨርሶ ይፈርሳል። ጥቁሮች ኦሪገን ገብተው እንዳይኖሩ የሚከለክለው የ1849 ሕግ እስከ 1854 አልተሻረም። እሷ ጋሪው አጠገብ እየተራመደች በምትገባበት በዚያው በ1851፣ ጄከብ ቫንደርፑል የተባለ ጥቁር ነጋዴ በ30 ቀን ውስጥ ከኦሪገን እንዲወጣ ዳኛ ፈረደበት።