ደወሉን ያስተረፉት ሰዎች

በኦስትሪያ የግራዝ ከተማ ስላለው የሽሎስበርግ ኮረብታ የጻፋችሁትን ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ አነበብኩት። ናፖሊዮን በ1809 (በፈረንጆቹ) ኮረብታው ላይ የነበረው ምሽግ ይፍረስ ሲል፣ ሕዝቡ ገንዘብ ከፍሎ የሰዓቱንና የደወሉን ማማ አስተረፈ። ይህቺን ወደድኳት። ኮረብታው ዛፍ ተተክሎበት መናፈሻ መሆን የጀመረው ግን ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እኛም እኮ አንኮበር አለን! የነሣህለ ሥላሴና የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ ላይ ዛሬ ሎጅ አለ። እናቴን ይዤ ስወጣ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ አረፈች። ላይ ስትደርስ ቁልቁል ቆላውን አይታ ዝም አለች። ግራዞች ከ1894 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ ባቡር አላቸው። እኔ ባቡር አልመኝም። በአንኮበር በየዳገቱ አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ የሚሆን ጽድና ወይራ ይበቃኛል። ባሕር ዛፍ ብቻ እንዳትተክሉብን አደራ!