አዳራሹ የተከፈተው ለማን ነው?

ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ነጻነት፣ ስለ ዴሞክራሲና ስለ ሳይንስ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ያዘጋጁ ብለሃል ወንድሜ። ደጋፊህ ነኝ። ግን "ክፍት" የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ።

አምና አንድ ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቅር) "ሁሉም ሰው ተጋብዟል" የሚል ማስታወቂያ አወጣና ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው "የተማሪ መታወቂያ?" አለኝ። ማስታወቂያውን በስልኬ አሳየሁት። "እሱን አላውቅም፣ ከላይ አልተነገረኝም።" አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ተገትሬ ገባሁ። ውስጥ ደግሞ ንግግሩ ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ! አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት "ልጄ፣ ምን እያሉ ነው?" ሲሉኝ፣ በጆሯቸው እያንሾካሾክሁ አስተርጓሚ ሆኜ ዋልኩ። ለመጠየቅ እጃቸውን ቢያወጡም ማይኩ ከፊት ወንበሮች አላለፈም።

ሌላው የመምህራኑ ፍርሃት ነው። በ1993 መጋቢት መጨረሻ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነጻነት ለተማሪዎች ተናገሩ። በሚያዝያ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሳ፤ ሁለቱም ታሰሩ። ዛሬ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 የአካዳሚክ ነጻነትን በወረቀት ያረጋግጣል፣ እሰየው። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ መምህር ግን ስለ ምርጫ ከሚያወራ ስለ ከዋክብት ቢያወራ ይቀለዋል። አልፈርድበትም።

ቀጣዩ ንግግር በአማርኛ ከሆነ እዚሁ ጻፍልን። የአዛውንቱ ስልክ አለኝ፣ ይዣቸው እመጣለሁ።