ማስተካከያ፦ ለብራና ሥዕሎች 500 ሳይሆን 50 ሉክስ

በመሃል አዲስ አበባ ላሉ አነስተኛ ሙዚየሞች ባዘጋጀነው የዐውደ ርዕይ ማብራሪያ፣ በብራናና በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥዕሎች የሚፈቀደው ብርሃን 500 ሉክስ (ሉክስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን የሚለካበት አሃድ ነው) ተብሎ ወጥቷል። አንድ ዜሮ ተርፋለች፤ ትክክለኛው 50 ሉክስ ነው። ለዘይት ቀለም ሥዕል የተባለው 200 ሉክስ እንዳለ ነው።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል፤ በ500 ሉክስ አንድ ቀን የተሰቀለ ሥዕል በ50 ሉክስ 10 ቀን የከረመ ያህል ይደበዝዛል። የለቀቀ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

አለካኩንም በደንብ አላብራራነውም። የሉክስ መለኪያውን ሥዕሉን ሳይነካ አስጠግታችሁ ብርሃን የሚቀበለውን የመለኪያውን ዐይን ወደ መብራቱ አዙሩ፤ መሃሉን ብቻ ሳይሆን አራቱንም ማዕዘን ለኩ። መብራቱ ከላይ ስለሚወርድ ብዙውን ጊዜ ልኩን የሚያልፈው የላይኛው ጠርዝ ነው። በደመናማ የሐምሌ ጠዋት ለክቶ «ጨረስን» ማለት ያሳስታል፤ የጥቅምት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ቁጥሩ ሌላ ነው። መጋረጃ ካልበቃ ሥዕሉን ከመስኮቱ ትይዩ አንሱት፤ አምፖል መቀነስ ብቻውን አያድነውም።

በዚያው ጽሑፍ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ «የግድግዳ ሥዕል» ተብሏል። በቀለማም መስታወት የተሠራ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን መስኮት ነው።