ኬ ተባልኩ

ለእህቴ ልጅ መልእክት ጻፍኩለት። ደህና አድርጌ ነው የጻፍኩት። እሁድ የአክስትህ ልጅ መልስ ነው፣ እናትህን ይዘህ ና፣ ሰባት ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እናንተን እየጠበቀ እህል እንዳይቀዘቅዝ። ሰላምታው ከነቤተሰቡ፣ አራት ነጥቡ በየቦታው። መልሱ ወዲያው መጣ። አንዲት ፊደል። ኬ። እሷም በላቲን።

ደወልኩለት። «ጋሼ ደግሞ፣ እሺ ማለቴ እኮ ነው!» አለኝ። እሺ እኮ ሁለት ፊደል ናት! ኦኬም በላቲን ሁለት ፊደል ናት። ኦኬ ራሷ በፈረንጆቹ 1839 የቦስተን ጋዜጠኞች ሆን ብለው ፊደል እያጣመሙ ሲቀልዱ ያወጧት ምህጻረ ቃል ናት። የእህቴ ልጅ እንግዲህ ያጠረውን ነው ያሳጠረው። የተረፈችውን ጊዜ ምን ሊሠራባት እንደሆነ ብጠይቀው ሥራ እንዳለበት ነግሮኝ ዘጋው።

ለነገሩ ማሳጠሩ መጀመሪያ ላይ ምክንያት ነበረው። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ከተጻፈ 160 ፊደል ይይዛል። በኛ ፊደል ከሆነ 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠርብሃል። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜው ስልክ አብዛኛው ግዕዝ አያውቅም፤ ሳጥን በሳጥን አድርጎ ነበር የሚያሳይህ። ስለዚህ ሰው አማርኛውን በላቲን ጻፈው። ቀጥሎ ሳንቲም ለመቆጠብ አናባቢውን ጣለው። ሰላም «ኤስ ኤል ኤም» ሆነ፣ ነው «ኤን ደብልዩ» ሆነ። ይገባኛል። (ከ1997ቱ ምርጫ በኋላማ የጽሑፍ መልእክት እስከነጭራሹ ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ቆይቷል። ከዚያ በላይ ማሳጠር አላየሁም።) ዛሬ ግን በቴሌግራም ማን ፊደል ይቆጥርብሃል? ፊልም ሙሉ የሚላላክ ሰው «ው» ከበደችው?

አናባቢ መጣልም ቢሆን አራድነት እንዳይመስላቸው። የጥንቱ ግዕዝ ድንጋይ ላይ ሲቀረጽ ካዕብም ሣልስም አልነበረውም። አናባቢው ከፊደሉ ጋር ተቀጥሎ የምናየው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሕፃን በየኔታ አለንጋ እየተገረፈ ሀ ሁ ሂን ቆጥሯል! አሁን አንድ ልጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በአንድ አውራ ጣት ከኢዛና በፊት ይመልሰኛል። ድንጋይ የሚጠርብ ሰው አናባቢ ቢቆጥብ አልፈርድበትም፣ ድንጋይ ነው። መስታወት የሚነካ ሰው ግን ምን ነካው?

ደግሞ ማሳጠርን ልጆች አመጡት የሚለውን አልቀበልም። የኛን መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም። ጽ/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ም/ዋ/ሥ/አስኪያጅ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሦስት አጥር ይዘላል። በዚች እዝባር የተነሳ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ እስካሁን አልበረደልኝም። የአባቴ ስም ተስፋማርያም ነው። አንድ መዝጋቢ እጁን ደከመው መሰለኝ፣ ተ/ማርያም ብሎ ጻፈው። ከዓመታት በኋላ ሌላው መዝጋቢ ደግሞ ትጉህ ሆነና ዘርዝሮ ጻፈው፣ ተክለማርያም ብሎ። ስሙን ሲቀዳ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ እኔ እዚያው ፊቱ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአባቴ ልጅ መሆኔን ለማስረዳት ምስክር አሰልፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ነገ ና ሲሉኝ ነገ እየሄድኩ ከረምኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «አባትዎ የትኛው ናቸው?» አለችኝ። አንደኛው አርፈዋል፣ ሁለተኛውን የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ አልኳት። አልሳቀችም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ይህቺን ተረት እወዳታለሁ። አያቴ ለማንኛውም ነገር ነበር የምታውላት፤ ወጥ ቢያርም፣ ትዳር ቢፈርስም፣ የአውቶቡስ ጎማ መንገድ ላይ ቢተነፍስም። ያን መዝጋቢ አግኝታው ቢሆን ቢሮው ድረስ ሄዳ ትተርትለት ነበር። እሷ እቴ፣ ቀጠሮም አትይዝ።

ኦ ኤም ጂም ቢሆን የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለችም። በፈረንጆቹ 1917 ሎርድ ፊሸር የሚባሉ የ76 ዓመት የእንግሊዝ የባህር ኃይል አዛውንት ለቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ላይ አለች። ሽማግሌው ግን ጨዋ ናቸው፤ ምህጻሩን ጽፈው «አምላኬ ሆይ» ማለታቸው እንደሆነ እዚያው አጠገቡ አስቀመጡለት። ለቸርችል እንኳ ተፈታለት። ለኔ ማን ይፍታልኝ?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀልድ ነው በሉት። አር አይ ፒ ግን ያናድደኛል፣ ከልቤ። ሰው አባቱ ሞተውበት ፎቷቸውን ይለጥፋል። ከሥሩ ወዳጅ ዘመድ ተሰልፎ አር አይ ፒ፣ አር አይ ፒ። ነፍስ ይማር ማለት ምን ያህል ይፈጃል? ድሮ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሌሊቱን ተጉዞ፣ ከአጥሩ በር ጀምሮ እያለቀሰ ነበር የሚገባው። የሚለው ባይኖረው እንኳ ድንኳን ውስጥ ንፍሮውን እየቆረጠመ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መቀመጡ ነበር ቁም ነገሩ። አሁን ሦስት ፊደል ይጥልና ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል፤ እዚያ ደግሞ ኤል ኦ ኤል ብሎ ይስቃል። በዚያው ጣት። በዚያው ደቂቃ። ሁለቱን አንድ ቀን አቀያይሮ እንዳይጽፋቸው ነው የምፈራው። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሩን እንኳ ኤል ኦ ኤል «ከብዙ ፍቅር ጋር» መስሏቸው ከመልእክታቸው ሥር ይጽፏት እንደነበር በፈረንጆቹ 2012 አጣሪ ጉባኤ ፊት ተነግሯል። እኔ ስሞት በሙሉ ፊደል ይጻፍልኝ። ዳታ የጨረሰ ሰው በእግሩ ይምጣ።

ስለ ኬ ነበር የጀመርኩት መሰለኝ። እሁድ ገና ነው፤ ልጁ ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም። ኬ ማለት እመጣለሁ ይሁን፣ አየሁት ይሁን፣ ተወኝ ይሁን፣ እሱ ነው የሚያውቀው። እናቱ ደግሞ መጻፍ የሚባል ነገር አትወድም፤ ድምፅ ነው የምትልከው። ትናንት ማታ ላከችልኝ። ሰላምታው ብቻ ቡና ያስፈላል። ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ፣ ከዚያ የጉልበቷ ነገር፣ መሃል ላይ እኔን ትታ ከጎረቤቷ ጋር ስለ ውሃ መጥፋት ስታወራ ይሰማል። መጨረሻው ላይ የመልሱ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም በድምፅ መለስኩላት። ሰዓቱን ነገርኳት፣ ጉልበቷን ጠየቅኋት፣ በዚያው ደግሞ ያ የአባታችን ስም ጉዳይ የት እንደደረሰ ከመጀመሪያው ጀምሬ አጫወትኳት።