ኒውዚላንድ እኮ አሸንፋ ነው የቀረችው

«ፓኪስታን ኔሽንስ ካፕን በልታ ወደ 2025-26 የወንዶች ሆኪ ፕሮ ሊግ ገባች» የምትለዋ ነገር ትታረም። ኔሽንስ ካፕ እኮ አሸናፊው ወደ ፕሮ ሊግ፣ ማለትም ወደ ትልልቆቹ ብሔራዊ ቡድኖች ሊግ፣ የመግባት ዕድል የሚያገኝበት ውድድር ነው። ኩዋላ ላምፑር ላይ ፍጻሜውን 6 ለ 2 ያሸነፈችው ኒውዚላንድ ናት። ግን ዕድሉን አልፈልግም አለች፤ ቦታው ለሁለተኛዋ ለፓኪስታን ተሰጠ። እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ አገርም አይደለችም። በ2022 ደቡብ አፍሪካ ዋንጫውን ወስዳ አየርላንድ ነበረች የገባችው። ይሄ ሊግ እኮ ከአህጉር አህጉር የሚያበር ነው። ኪስ ይፈትሻል። ፓኪስታን ራሷ በ2019 የመጀመሪያው ውድድር ላይ ስሟ ገብቶ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ወጥታለች። አራት ጊዜ የዓለም ዋንጫ የበላች አገር፣ ያሳዝናል! ለማንኛውም አሁን መመለሷ ደስ ብሎኛል። ስለ ሊጉ ነጥብ «አቻ ወጥቶ እንዴት 2 ነጥብ ያገኛል?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ አቻ ሲወጡ ለሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ በመለያ ምት ያሸነፈው አንድ ይጨመርለታል። መለያ ምቱም እንደ እግር ኳስ ቆሞ መምታት አይደለም። ተጫዋቹ ኳሷን እየገፋ ከበረኛው ጋር ይፋጠጣል። ያለው 8 ሰከንድ ብቻ ነው።